ጎተራው ድረስ ሄጄ እመጣለሁ

የልጄ የትርንጎ በሽታ መጀመሪያ የታወቀኝ ባለማልቀሷ ነው። ከተለየኋት ከሰባት ወር በኋላ በር ላይ ቆሜ ስሟን ስጠራት አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም፣ አልሸሸችም። አንዴ አየችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ከሰባት ወሯ ነበር። ትምህርቴ ከዳዊት አላለፈም፤ ግን እንዲህ ያለ ልጅ ቤቱ ላለ ሰው ይጠቅመዋል ብዬ ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት እኔና ባለቤቴ የሻረግ፣ መተማ አጠገብ ማሽላና ሰሊጥ እናርስ ነበር። የሻረግ ሁለተኛ ልጅ አርግዛ ስለነበር ትርንጎን ጡት ማስጣል ግድ ሆነ። እኛ ከደጋ ወርደን ቆላ የሰፈርን ሰዎች ልማድ አለን፤ ጡት የሚጥል ልጅ የንዳዱ ወራት ሳይደርስ ደጋ ላለ ዘመድ ይሰጣል። ጡቱንም ይረሳል፣ ከወባም ያመልጣል ይባላል። እኔም ከጭልጋ በላይ ለምትኖር ለታላቅ እኅቴ ለብርቄ ወስጄ ሰጠኋት።

ሁለት ቀን አብሬያት ሰነበትሁ። በሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ተኝታ ሳለች ተሰርቄ ወጣሁ። ሰው ሁሉ እንዲያ ነበር የሚያደርገው፤ ልጅ እንዳያለቅስ ተብሎ። በወር ከአሥራ አምስት ቀን እመለሳለሁ ብዬ ነበር። መንገዱ ላይ ውጊያ ተነሣና መተላለፊያ ጠፋ። የሻረግም እንደወለደች ማላሪያ ጣላት። ሰባት ወር ሆነ።

ብርቄን የምወቅስበት ነገር የለኝም። ወተቱም ቅቤውም አልጎደለባትም። ልወስዳት ስመጣ የነገረችኝ ይህን ነው፦

"ስትነቃ ቤቱን ሁሉ ዞረች። ሦስት ቀን በሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በአራተኛው ቀን ዝም አለች። እሰይ፣ ለመደች አልን።"

አልለመደችም። ተስፋ ቆርጣ ነው።

ስሰጣት ትሮጥ ነበር፤ "ውሃ"፣ "እማ"፣ "ና" ትል ነበር። ስቀበላት አትራመድም። ቃል የላትም። የሰጧትን ትውጣለች፣ ሥጋ ግን አይጨምርላትም። እንቅልፍ ሲመጣባት ዓይኗን እያሸች ትታገለዋለች። ቤት ስንደርስ የሻረግ ሁለት እጇን ዘረጋችላት። ልጅቱ እንደ እንጨት ደረቀች። እናቷ ጓሮ ሄዳ አለቀሰች።

ቡዳ ነው ተባለ። ጠበል አስጠመቅናት። የሆድ ትል ነው ተባለ። መድኃኒቱን ሰጠናት። ለውጥ የለም። "ይህች ልጅስ ሰው አትሆንም" ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

ከወሰኑ ደረቅ ወንዝ ማዶ፣ ገላባት ላይ፣ ኢድሪስ የሚባል ሱዳናዊ ድሬሰር ነበር። እኛ ሐኪም ነበር የምንለው። አማርኛውን ከነጋዴዎች ለምዶታል። ልጅቱን ተሸክሜ ሄድሁ። ቴርሞሜትር ብብቷ ውስጥ አደረገ፣ የዓይኗን ቆብ ገልጦ አየ፣ ጣፊያዋን ዳሰሰ።

"ማላሪያ የለም። ጣፊያ ደህና ነው። ደሟ ትንሽ አንሷል፣ እሱ ይመለሳል" አለ። ቀጥሎ "ስትለያት ነግረሃታል?" አለኝ።

"ተኝታ ነበር።"

ልጅቱን መልሶ አሳቀፈኝ። "ነቃች፤ አባት የለም። ከዚያ ወዲህ መተኛት ፈራች። ሰው መውደድም ፈራች። እኔ ሥራ ስማር እናት የሞተችባቸው ሕፃናት አይቻለሁ። ወተት ይጠጣሉ፣ አያድጉም። የእሷ መድኃኒት እኔ ጋ የለም፤ አንተ ጋ ነው።"

ከሁለታችን አንዳችን ከገላችን እንዳንለያት አዘዘ። ስንወጣ እንድንነግራት፣ ባልነውም ጊዜ እንድንመለስ። "ሰዓት አታውቅም፤ መመለስን ግን ታውቃለች" አለኝ። "አንድ ቀን ስትሄድባት ታለቅሳለች። ያን ቀን ደስ ይበልህ።" ለየሻረግ ኪኒን ሰጥቶ ሸኘኝ።

የሻረግ አራስ ልጅ ታዝላለች፣ ንዳዱም ገና አልለቀቃትም። ስለዚህ አንቀልባውን እኔ ታጠቅሁ። በእኛ አገር ወንድ አንቀልባ ታጥቆ እርሻ ሲወርድ ታይቶ አያውቅም። ትርንጎን አዝዬ ማሽላ ሳርም ጎረቤታችን ጎበዜ ከማዶ ጮኸ፦

"አንተዬ! እንግዲህ ጡት ማብቀል ብቻ ነው የቀረህ!"

"ከበቀለልኝ አንተንም እደርብሃለሁ፤ በጣም ከስተሃል!"

የሻረግ ከዛፉ ጥላ ሥር ሆና ሳቀች። ከወለደች ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

መለየቱን ከትንሹ ጀመርን። ከቤታችን ጀርባ የማሽላ ጎተራ አለ። ትርንጎን በር ላይ አስቀምጬ "ጎተራው ድረስ ሄጄ እመጣለሁ" እላታለሁ። ሄጄ እመለሳለሁ። "መጣሁ" እላታለሁ። በቀን አሥር ጊዜም ሃያ ጊዜም። መጀመሪያ ቀና ብላም አታየኝም ነበር። እኔም እንደ ሞኝ የምመላለስ መስሎኝ ልተወው ያልሁበት ቀን አለ። አንድ ጠዋት ግን ዓይኗ ተከተለኝ፤ ስመለስም ዓይኗን ከዚያው ከታጠፍሁበት ጥግ ሳታነሣ አገኘኋት። ከዚያ ወዲያ ጎተራው ወደ ጉድጓዱ ውሃ፣ የጉድጓዱ ውሃ ወደ እርሻው እየረዘመ ሄደ። እንቅልፏም ተመለሰ፤ የጆሮዬን ጫፍ ጨብጣ ትተኛለች፣ እኔም እስክትነቃ አልነሣም።

በሦስተኛው ወር "ገበያ ልሄድ ነው፤ ጥላው ሲዞር እመጣለሁ" ስላት ሱሪዬን ጨምድዳ ይዛ መንደሩን በለቅሶ አናጋችው። ጎበዜ ዱላውን ይዞ ሮጦ መጣ። እኔና የሻረግ እየሳቅን እናለቅሳለን።

"ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? ልጅ ሲያለቅስ ይሳቃል?" አለን።

"ዝም በል ጎበዜ፣ ልጄ መጥታ ነው!" አለችው የሻረግ።

ገበያ ሄድሁ፤ ጥላው ሳይዞር ተመለስሁ።

ከዚያ ጥቂት ቀን ቆይቶ በር ላይ ቁጭ ብዬ ማረሻ ስስል ትርንጎ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ። ልደግፋት እጄን ስዘረጋ ገፋችው። "ጎተራ" አለችኝ። ግድግዳውን እየዳበሰች ከቤቱ ጀርባ ታጥፋ ከዓይኔ ተሰወረች። እኔ ተቀመጥሁ። ልነሣ አልሁና ተውሁት፤ ስጠብቃት መጠበቅ ምን እንደሆነ አወቅሁ። ሲቆይ፣ ጭንቅላቷ በጥጉ ብቅ አለ።

"መጣሁ!" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ደስታ ነው። እስኪመሽ ጎተራውን ስትዞር ትውላለች፤ ወንድሟም መዳህ ሲጀምር ከኋላዋ ይከተላታል፣ እሷም ቆም ብላ ትጠብቀዋለች። በቁመትም በአነጋገርም እኩዮቿን የያዘቻቸው ቀስ እያለች ነው፤ እስከ ሰባት ዓመቷም የሰው እጅ ሳትይዝ አትተኛም ነበር። የእንግሊዝና የጣሊያን ጦርነት ወደ እኛ ሲደርስ ዘመዶች "ልጆቹን ወደ ደጋ ስደዳቸው" አሉኝ። ከተመከርሁት ሁሉ ይህን ብቻ እንቢ አልሁ፤ አራታችንም አብረን ጫካ ገባን፣ አራታችንም አብረን ተመለስን።

ሐኪም ኢድሪስ ከጦርነቱ በኋላ የት እንደደረሰ ሳላውቅ ቀረሁ። ባለበት እግዚአብሔር ይስጠው። እናንተም ልጃችሁን ዘመድ ቤት ማድረስ ግድ ከሆነባችሁ አድርሱ፤ ድህነትም ሕመምም ያስገድዳል። ብቻ ነቅቶ እያያችሁ ተሰናበቱት። ያልቅስ። ለቅሶው አይጎዳውም። የምትመለሱበትን ንገሩት፣ ተመለሱም። ቢያኮርፋችሁ አትቆጡት፤ እናንተን እየፈተነ ነው። አባት የሆናችሁም ማዘል አትፈሩ።

ትርንጎ ዛሬ የአራት ልጆች እናት ናት። አንድ ፋሲካ ማግስት ብቻችንን ሆነን ሳለ ያን የቀትር ነገር አንሥቼ ይቅርታ ጠየቅኋት።

"አባባ፣ እኔ እኮ ምንም ትዝ አይለኝም" አለችኝ።

ተመስገን አልሁ። እሷ ትርሳው። ማስታወሱ የእኔ ፋንታ ነው።