ሁለተኛው ስክሪን የተነሳ ዕለት

ሸዋገነት ከዓለም ባንክ ተሳፍራ አስራ ስምንት ማዞሪያ ስትወርድ ገና በጠዋቱ ደክሟት ነበር። በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ ጡረታ ልትወጣ የቀራት ሳምንት ነው። ከመውጣቷ በፊት የድሮውን የወሊድ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ገልብጣ መጨረስ ፈልጋለች። ጽሕፈቱ የራሷ ነዋ፤ ያኔ እጇ ሳይንቀጠቀጥ የጻፈችው።

ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ስክሪን አለ። በግራው የመዝገቡን ፎቶ እያየች በቀኙ ትተይባለች። ዋናው ኮምፒውተር ሌላ ክፍል ተቆልፎበታል፤ እሷ ጋ ያለችው መጽሐፍ የምታክል ሳጥን ብቻ ነች። ማታ ሳጥኗን ከሶኬት ትነቅልና ሁሉንም በዳንቴል ትሸፍናለች፣ ቤቷ ቴሌቪዥኑን እንደምትሸፍነው። ጠዋት ስትሰካት ሥራዋ እንደተወችው ይጠብቃታል።

የዚያን ዕለት ግን የቀኙ ስክሪን የለም። ዳንቴሉ ተጣጥፎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሳጥኗን ሰካች፤ ፎቶው ብቻ መጣ። የሦስት ቀን ጽሑፏ የለም። ዓይኗን አሸችና ኮምፒውተሮቹን የምትከታተለውን ኢፍቱን ጠራቻት።

"ኢፍቱዬ፣ ሥራዬ ጠፋ።"

"ሴቭ አድርገዋል አይደል እትዬ ሸዋዬ?"

"እኔ ነቅዬ ሸፍኜ ነው የምሄደው።"

"ሦስት ቀን ሙሉ? አንዴ እንኳ?"

"ታዲያ መብራት ላባክን?"

ኢፍቱ ጭንቅላቷን ይዛ ሳቀች። "የሚነቅሉት እኮ ሳጥኗን ነው። ዋናው ኮምፒውተር እርስዎ መሄድዎን አያውቅም፣ ጽሑፉን ከፍቶት ያድራል። መብራት አለመጥፋቱ ተመስገን ነው! አሁንም ስክሪኑ የተነሳ አልመሰለውም፤ ጽሑፍዎን እዚያው በስተቀኝ አስቀምጦታል።"

ሸዋገነት ስክሪኑ የነበረበትን ባዶ ቦታ አየች። "አየር ላይ ነው ያለው በይኛ።"

ስክሪኑን የወሰደው የራሱ የተበላሸበት የመድኃኒት ቤቱ ገብረማርያም ነበር። ኢፍቱ ስትደውልለት፣ "ሰው ተሰልፎብኝ እኔ ስክሪን ላመላልስ?" እያለ ራሱ ተሸክሞት መጣ። ኢፍቱ ገመዱን ሰካች። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ብልጭ አለ፤ ጽሑፉ ከች አለ። መጨረሻው መስመር ላይ "ዱሬቲ ጃ" ይላል፣ የመተየቢያዋ ጭረት አጠገቡ ብልጭ ድርግም ትላለች።

ሸዋገነት የዱሬቲን እናት አስታወሰቻት። ልትወልዳት ከአስኮ በዝናብ በእግሯ መጥታ፣ ጫማዋ በጭቃ ተይዞ ቀርቶ ነበር። ይሄኔ ዱሬቲም ልጆች ወልዳ ይሆናል።

ኢፍቱ ጎንበስ ብላ ሴቭ አደረገችላት። ገብረማርያም አልሄደም።

"እትዬ ሸዋዬ፣ እኔስ?"

"እስከ ዓርብ ታገሠኝ የኔ ልጅ። ከዚያ ከነዳንቴሉ ውሰደው።"

"ዳንቴሉን ምን ላድርገው?"

"ማታ ማታ ታለብሰዋለህ።"

መነጽሯን ጠረገች። ወገቧን ደግፋ ወንበሩን አስጠጋችና ቀስ ብላ "ለ"ን ነካች፣ ቀጥላ "ታ"ን።