ሻይ የፈራው አማች

በኢራኗ የትግል ስፖርት ከተማ በጁይባር ወንድ ልጅ ሲወለድ ዘመድ መጀመሪያ የሚያየው አንገቱን ነው፤ ለትግል ይሆን እንደሆነ። የኪዩማርስ አንገት ገና በአራስነቱ ተመስግኖለታል። ካደገ በኋላ ቀን ቀን ወፍጮ ቤት የሩዝ ጆንያ ይሸከማል፣ ማታ ማታ ትግል ይለማመዳል። የሚያሳዝነው፣ ሩዝ ሲሸተው የሚውለው ሰው ውድድር በደረሰ ቁጥር ሩዝ አይቀምስም። ክብደቱ ስልሳ ስምንት ኪሎ ነው፤ የሚገጥመው ግን በስልሳ አንድ። ያንን ትርፍ በሳምንት ውስጥ ለማራገፍ ይራባል፣ ይጠማል፣ ተጀቡኖ ይሮጣል፣ ምራቁን ሳይቀር በጠርሙስ እየተፋ ይዞራል። በዚያ ሰሞን እናቱ «ደህና ዋልክ?» ብትለው እንኳ ይቆጣል።

ኪዩማርስ ሊያጫት ያሰባት የታራኔ ወላጆች «ሐሙስ አመሻሽ ኑ» ያሉት እንግዲህ በዚህ ሰሞን ነው። ለውድድሩ ሚዛን ላይ የሚወጣው ደግሞ ዓርብ ጠዋት ነበር።

«እማዬ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ይሁን» ቢላት፣ እናቱ ጉንጯን ይዛ «የሰው ልጅ ጠይቀን ቀን እንለውጥ? ዳግመኛ ደጃቸውን አንረግጥም!» አለችው።

ከእናቱ ጋር ሄደ። ከሙሉ ልብሱ ስር ላብ የሚያወጣውን የላስቲክ ቱታ ለብሶ ነው የሄደው። በተነቃነቀ ቁጥር ኮሽ ኮሽ ይላል። ምን ያድርግ፣ ገና ግማሽ ኪሎ ይቀረዋል።

ታራኔ ሻይ ይዛ ገባች። በአገሩ ወግ ሻዩን የምታቀርበው ልጅቷ ናት፤ ሻዩን ያልጠጣ ልጅቷን አልፈለጋትም ማለት ነው። የኪዩማርስ ዓይን ከትሪው አልነቀል አለ። አክስቷ ታራኔን የሚያይ መስሏት «ኧረ ምን ዓይነቱ ዓይን አውጣ ነው!» ብላ አጉረመረመች።

«አመሰግናለሁ፣ አልጠጣም» አለ።

ጁይባር ውስጥ «አይ» ማለት «ለምኑኝ» ማለት ነው። የታራኔ እናት ወይዘሮ ጎልናር፣ በአገሩ አጠራር ጎልናር ኻኑም፣ ለመኑት።

«አፈር ስሆን፣ አንዴ ፉት በል!»

«በእውነት በቃኝ፣ ኻኑም።»

«እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ብለው ብርቱካን ላጡለት፣ ኩኪስ ደረቡለት፣ ሻዩን ለወጡለት። እምቢ ባለ መጠን ጨዋነቱ ጨመረ፤ ከፊቱ ያለው ምግብም እንደዚያው። ሦስተኛው ሻይ ሲቀዘቅዝ ግን የጎልናር ኻኑም ፊት አብሮ ቀዘቀዘ።

አባትየው ሃጅ ፋራማርዝ ጆሯቸው በትግል የተጨማደደ የድሮ ስፖርተኛ ናቸው። እስካሁን ሲያዩት ቆይተው «ልጆቹ ጓሮ ወጥተው ይነጋገሩ» አሉ።

ጓሮ እንደወጡ ታራኔ ዞረችበት።

«ቆይ፣ አንተ የመጣኸው እኔን ልታይ ነው ሻይ ልታይ?»

ኪዩማርስ ለመዋሸት እንኳ ጉልበት አልነበረውም። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ነገ ሚዛን አለብኝ። ከትናንት ጀምሮ ውሃ አልቀመስኩም።»

«ኮሽ ኮሽ የሚለውስ?»

«የላስቲክ ቱታ ነው።»

ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ።

«አባቴም እንዲህ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በየውድድሩ ሲያራግፍ ኖሮ ዛሬ ኩላሊቱ አይሠራም። ሐኪሙ ያ ሁሉ ጥም የራሱ ድርሻ አለው ብሎናል። ደሙን በማሽን ነው የሚያጥቡለት። ብዙ ውሃ ስለተከለከለ በስኒ የምለካለት እኔ ነኝ። ጨምሪልኝ ብሎ ሲለምነኝ እምቢ እለዋለሁ፤ አባቴን! ለሌላ ወንድ ደግሞ መለካት አልችልም፣ ኪዩማርስ። ሚዛኑን ከመረጥክ ይቅናህ፤ እዚህ ግን አትመለስ።»

ኪዩማርስ ወደ መሬት አቀረቀረ። የዓመት ልፋቱ የሚለካው ነገ ጠዋት ነው። የአሠልጣኙ ጩኸት ከወዲሁ ተሰማው፣ የወፍጮ ቤት ጓደኞቹ ሲስቁበትም ታየው። ከዚያ ቀና ብሎ እሷን አየ፤ ከመጣ ጀምሮ ገና አሁን ነው ያያት። ወደ ጓሮው ቧንቧ ሄዶ ተንበረከከ፣ ከፈተና አፉን ደቀነ። ኮሽ ኮሽ እያለ ጠጣ።

እናቱ በመስኮት አይታው «ኧረ ሚዛኑ! ኧረ ልጄ አበደ!» ብላ ጮኸች። ሃጅ ፋራማርዝ በሩን ከፍተው ወጡ። ቧንቧው አጠገብ ቆመው የሚወርደውን ውሃ ትክ ብለው አዩት።

«ይጣፍጣል?»

ኪዩማርስ ደንግጦ ቀና አለ። «ይጣፍጣል፣ አጋ» አለ በአክብሮት።

«እንግዲያው አታቋርጥ፣ ልጄ። የእኔንም ድርሻ ጠጣልኝ።»

ታራኔ ዓይኗን ጠረገችና ትኩስ ሻይ ልትቀዳ ወደ ቤት ገባች።