ሾፌሮች የሚበሉበት

ኪንግስተን ልሄድ ነው ስል ሰው ሁሉ የባሕር ዳርቻ ሆቴል መሰለው። ለመጋደም ቢሆን ሄይዋርድ ያለው ሶፋዬ ይበቃኝ ነበር። ሥራዬ የሳን ሆዜ ኩባንያ ሠራተኞችን በአውቶቡስ ማመላለስ ነው፤ ለዓመታት ሳልነካው የተጠራቀመ ዕረፍት ነበረኝና ዐሥር ቀን ወሰድኩ። ደሴ መሄድ እችል ነበር፤ አልዋሽም። ግን ሻንጣውን፣ ዘመዱን፣ ምን አመጣህልኝ ባዩን ሳስበው ገና ከአሁኑ ደከመኝ። ማንም በማያውቀኝ ከተማ ዝም ብዬ መዞር አማረኝ።

አባቴ ቅር ይለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ከደሴ አሰብ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። በስልክ ስነግረው ጭራሽ ደስ አለው።

«ሆቴል ውስጥ እንዳትጎለት» አለኝ። «የማታውቀው ከተማ ስትገባ መጀመሪያ ሾፌሮች የሚበሉበትን ፈልግ። ሌላው በራሱ ይመጣል። ስትመለስ አንድ በአንድ ትነግረኛለህ።»

ጉልበቱ ከታመመ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከወንበሩ ብዙም አይነሳም። ከተማ የሚያየው በእኔ ወሬ ነው። ረግጧት የማያውቃትን ኦክላንድን መንገድ በመንገድ ያውቃታል።

ኪንግስተን ከሆቴሎቹ ራቅ ብዬ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ጠዋት ጠዋት ሃፍ ዌይ ትሪ የሚባለው አደባባይ እሄዳለሁ። ታክሲዎቹ ትናንሽ የቤት መኪናዎች ናቸው፤ ከኋላ አራት ሰው ይጠቀጥቃሉ። ጠሪዎቹ መድረሻ እየጮኹ ክንድህን ይዘው ያስገቡሃል፤ ትሄዳለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንዱ ራስታ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠይቀውኝ ኢትዮጵያ ስላቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ አደረጉት። እኔ ሽንት ቤት ፍለጋ ላይ ነበርኩ።

በሁለተኛው ቀን ለአባቴ ደወልኩ። «አገኘኸው?» አለኝ ገና ሰላምታው ሳያልቅ። አላገኘሁም አልኩት። «ፈልጋ! አፍ የለህም?» ብሎ ሳቀብኝ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስደውል እህቴ አነሳች። ደሴ ዐሥር ሰዓት ሆኗል።

«አባባ መስጊድ ሄዷል» አለችኝ።

እሺ ብዬ ዘጋሁት። ስልኩን ኪሴ ከከተትኩ በኋላ ነው ያሰብኩት። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሰግድ ሰው በየትኛው ጉልበቱ ነው የመስጊዱን ዳገት የወጣው?

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኦክላንድ ያለው ጓደኛዬ ደወለ። በዐሥር ዓመት ውስጥ ሳይሰድበኝ የጀመረው ስልክ የለም።

«ወንድሜ፣ ደህና ነህ? ብቻህን ነህ እንዴ?» አለኝ።

«ከማን ጋር ልሆን ኖሯል?»

«አይ፣ እንዲያው ነው። ፍላይትህ ስንት ሰዓት ነው ላንድ የሚያደርገው? ፒክ እናደርግሃለን።»

«እነማን?»

«እኛ ነና።»

እኛ አገር፣ ማለቴ ቤይ ኤሪያ፣ ማንም ማንንም ከኤርፖርት አይቀበልም። የእሱ ሚስት ስትመጣ ራሴ «ባቡር አለ አይደል?» ብዬዋለሁ። ሰው በቡድን ሆኖ ፒክ ላድርግህ ካለ ነገሩ መርዶ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ቤቱ ይጠበቃል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ይቀመጣል፣ ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው ይናገራል። አገር ቤት በማለዳ ነው፤ እኛ ጋ ሁሉም ከሥራ ፈቃድ ባገኘበት ሰዓት ነው። እኔም ለስንቱ እንዲሁ ለስልሼ ደውያለሁ።

አላለቀስኩም። እዚያው ቆሜ አባቴ ሞቷል ብዬ በሆዴ ሞከርኩት፤ ምንም አላለኝም። ደግሜ ሞከርኩት። ሰውነቴ ሁሉ ጥርስ ሐኪም እንደወጋው ድድ ሆኖብኛል። መልሼ ልደውል ብዬ ተውኩት። ብጠይቅ እህቴ ወይ ትዋሻለች ወይ ትጮኻለች። እኛ ሙስሊሞች ደግሞ ሬሳ አናሳድርም፤ በዚያች ሰዓት ብበር እንኳ የምደርሰው ለአፈሩ ነው። ካልጠየቅሁ ግን እስክመለስ ድረስ አባቴ መስጊድ ሄዷል።

ስለዚህ ወደ አንዱ የታክሲ ሾፌር ሄጄ፣ «እናንተ የት ነው የምትበሉት?» አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝና ግባ አለኝ። ዳውንታውን ከገበያው ጀርባ፣ ቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ አንዲት ሴትዮ ትልልቅ ድስት ደርድረዋል። ጨው የጠጣ ዓሣና የተቀቀለ አረንጓዴ ሙዝ ሰጡኝ። ጣዕሙ ይኑረው አይኑረው አላውቅም፤ በላሁት። በቀሩት ቀናትም እየተመላለስኩ አባቴ የሚጠይቀኝን ሁሉ አጠናሁ። እጅ መታጠቢያው የት እንደሆነ፣ የመኪና ቁልፋቸውን ከሳህናቸው አጠገብ እንደሚያስቀምጡ፣ የቸኮለው ቀድሞ ቢቀዳለት ማንም እንደማይቆጣ።

ስመለስ ሦስት ሆነው ጠበቁኝ። ሻንጣዬን ተቀበሉኝ፤ እስከ ሄይዋርድ ስለ መንገዱ መጨናነቅ ብቻ አወሩ። ጓደኛዬ የቤቴ ትርፍ ቁልፍ ነበረው፤ በሩ ላይ ስንደርስ የማላውቀው ጫማ ተደርድሯል። ውስጥ ማንም ቲቪ አልከፈተም። የሰፈራችን ትልቅ ሰው፣ የወሎው ሼህ፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«እንኳን በሰላም መጣህ፣ ልጄ። አገሩ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

የጨዋ መግቢያ ነው፤ «ደህና ነው» ተብሎ የሚታለፍ። እኔ ግን መናገር ጀመርኩ። «ሾፌሮች የሚበሉበትን አገኘሁት» አልኳቸው። ቆርቆሮውን ነገርኳቸው፣ ድስቶቹን፣ ዓሣውን፣ ቁልፎቹን። አደባባዩን፣ ጠሪዎቹን፣ ባርኔጣቸውን ያወለቁትን ሽማግሌ። ማንም አላቋረጠኝም። ጓደኛዬ መሬት መሬቱን ያያል። ያን ጊዜ፣ ከስንት ቀን በኋላ፣ አንድ ነገር ተሰማኝ፤ ፈራሁ። የማወራው እንዳያልቅብኝ ፈራሁ። እጅ መታጠቢያውን ሁለተኛ ነገርኳቸው።

ከዚያ ከተማው አለቀብኝ። ሼሁም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።