በሎቤድ የተሸኘችው አውቶቡስ

አባቴ አውቶቡሷን ለሙዚየም ሲሰጥ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከቆቦ ራሱ ነድቶ ሊያወጣት። ከአዲስ አበባ የመጡት ሁለት ሰዎች ግቢያችን ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ቆመው ነበር። አንደኛው በስልኩ ፎቶ ያነሳል፤ ሌላኛው ሊገዛው እንደመጣ በሬ ጎኗን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል። «እሺ አባባ፣ ምን ችግር አለው» አሉት። ውኃ ይዤላቸው ስወጣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አባቴ የሰው ቃል ያምናል። ይህን ሁሉ ዘመን ሾፌር ሆኖ ኖሮ እንዴት እንዲህ እንደቀረ አላውቅም።

አውቶቡሷ አፍንጫዋ ወደ ፊት የወጣ፣ ጣሪያዋ ላይ ዕቃ የሚጫንበት ሰፊ ፖርቶመጋላ ያላት የድሮ ዓይነት ናት። አባቴ በወጣትነቱ ተቀጥሮ ነዳት፤ ባለቤቱን ስትሰለቸው ደግሞ እሱ ገዛት። ከቆቦ ሮቢት፣ ከቆቦ ዋጃ ገበያተኛ ስታመላልስ ኖረች። እህል፣ ፍየል፣ ሽንኩርት፣ ሙሽራ፣ በሽተኛ፤ ያልጫነችው የለም። ሚኒባሱና ባጃጁ ሲበዛ ሰው ተዋት። እኔ ስወለድ ቆማ ነበር የደረስሁባት። ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ሮጬ የምደበቀው እሷ ውስጥ ነው። ሰው ፊት መቆም አልወድም፤ እስካሁንም አልወድም። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ያቆምሁ ጊዜ፣ ለምን አቆመች እያሉ የሚጠይቁትን ሽሽት ስንት ከሰዓት በኋላ የኋላ ወንበሯ ላይ ተኝቼ አሳልፌአለሁ።

ጦርነቱ በእኛ በኩል ሲያልፍ የሚንቀሳቀስ መኪና ሁሉ ተወሰደ። እሷ ጎማዋ ወልቆ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስለነበር ዞር ብሎ ያያት የለም። አባቴ ይህን እንደ ታማኝነቷ ነው የሚያወራው።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ሞተሯን ፈታ። ጉልበቱ መቆም ስለማይችል ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚሠራው። እኔ ብሎኑን በናፍጣ እያጠብሁ ጨርቅ ላይ እደረድርለታለሁ። እናቴ «በዚህ ዕድሜህ ሙሽራ ልትሆን ነው?» እያለች ትቀልድበታለች፤ እሱ ይስቃል። ጎማና የጠፋ ዕቃ ፍለጋ ወልድያ ድረስ ሄደ። ያላገኘውን ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ አሠራ። አንድ ቀን ጠዋት ተነሳች። ጥቁር ጭስ ግቢውን ሞላው፤ ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ፤ ጎረቤት ቤታችን የተቃጠለ መስሎት ውኃ ተሸክሞ መጣ። አባቴ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ ያለው የጎረቤት ግድግዳ ነው። እሱ ግን መንገድ እንደሚያይ ሰው ነበር የሚያየው።

የምትሄድበት ቀን ደረሰ። እኛ ዘንድ መኪና ባዶውን ረጅም መንገድ ከወጣ ደግ አይባልም። ሰው ይሳፈርበታል፣ ዱአ ይደረግለታል። ስለዚህ ማንም ሳይጠራው ሰፈሩ በሙሉ መጣ። እስከ ሮቢት አብረዋት ሄደው በሚኒባስ ሊመለሱ ነው። ሰፈሩን ሁሉ ዱአ አድርገው የሚመርቁ፣ ዕድሜ የጠገቡ ሴት ዱበርቲ አሉን፤ እሳቸው የፊተኛውን ወንበር ያዙ። ከኋላቸው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ገባ። አንዱ ፖርቶመጋላው ላይ በግ ሰቀለ፤ ሌላው አንድ ጆንያ ማሽላ ጫነ። እናቴ ማሽላው ወዴት ነው ብትለው፣ የትም አይደለም፣ ጣሪያዋ ባዶ ሆኖ እንዳታፍር ነው አላት። ዱበርቲዋ እጃቸውን ዘርግተው መንገዱን ያቅናላት፣ ከክፉ ዓይን ይሰውራት፣ በሰላም ታግባችሁ እያሉ መረቁ፤ አውቶቡሱ ሙሉ አሚን አለ። አባቴ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ኮፍያውን አስተካክሎ ሞተሯን አስነሳ። በአንድ ጊዜ ተነሳች።

ያን ጊዜ ነው ሎቤዱ የመጣው፤ ያ ሌላ መኪና የሚጭነው ረጅም፣ ዝቅ ያለ ተሳቢ። የግቢያችንን በር ዘግቶ ቆመ። ፎቶ ሲያነሳ የነበረው ሰውዬ ከጋቢናው ወረደ።

አባቴ ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት ይህ ለምን እንደመጣ ጠየቀው። ሰውዬው በትሕትና አስረዳው። መንገድ ላይ ብትገለበጥ፣ ብትጋጭ ተጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው። አለቆቹ አልፈቀዱም። እሱ ቢሆን ደስ ባለው ነበር። አባቴ እስከ ሮቢት ብቻ አለው። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። እስከ ከተማው መውጫስ? አይሆንም። እስከ አስፋልቱ? የአባቴ ልመና እያጠረ ሲሄድ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«አባባ፣ ይረዱኝ» አለው ሰውዬው። «ይቺ ከእንግዲህ መኪና አይደለችም። ቅርስ ናት።»

«እኔስ?» አለ አባቴ።

ሰውዬው ተሳፋሪውን ውረዱ ወደ ማለት ዞረ። ሰው አንድ አንድ እያለ ወረደ። በጉም ወረደ፤ ማሽላውም ወረደ። ዱበርቲዋ ብቻ ከወንበራቸው አልተነሱም።

«ተሳፍሬ ሳልደርስ ወርጄ አላውቅም፣ ልጄ።»

«እማማ፣ የትም አትሄድም እኮ፤ ተጭና ነው የምትሄደው።»

«መሄድ ካልፈቀዳችሁላት ምን ልታደርጓት ነው የምትወስዷት?»

ሰው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ሞተሩን አጠፋ፤ ወርዶ በወዲያኛው በር ዞረና የዱበርቲዋን እጅ ይዞ ራሱ አወረዳቸው። ቁልፉን ለሰውዬው ሰጠው። ከዚያ በሽቦ ገመድ አሥረው ወደ ኋላዋ እየጎተቱ ሎቤዱ ላይ አወጧት። መራመድ የምትችለዋን እንደ ሬሳ ጫኗት።

ለምረቃው አልተጠራንም። የሙዚየሙን መከፈት ያየነው ጎረቤት ቤት በቴሌቪዥን ነው። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው መሪዋን ይዞ ክላክስ ያደርጋል፤ ሰው ያጨበጭባል። አባቴ «ክላክሷን ሠርተውላታል» አለና ሻዩን ጠጣ።

ኋላ ለዓይኑ ሕክምና አዲስ አበባ ይዤው ስሄድ፣ ከሐኪሙ በፊት እሷን እንይ አለኝ። በሰው በሰው ጠይቀን ደረስን። እንደ አዲስ ቀብተዋታል። ዋጃ ገበያ ላይ ግመል በርግጎ ያጎደጎደው ጎኗ ተስተካክሎ መስተዋት መስሏል። ዙሪያዋን በቀይ ገመድ አጥረዋታል። አባቴ ከፊቷ የቆመውን ጽሑፍ አንብቢልኝ አለኝ። የት ሀገር እንደተሠራች፣ ስንት ሰው እንደምትይዝ፣ በሰሜኑ መስመር እንዳገለገለች ይላል።

«ሌላስ?» አለኝ።

ሌላ አልነበረም። ማን እንደነዳት የለም። ቆቦ የሚል እንኳ የለም። ከራሴ ጨምሬ ላነብለት አስቤ ነበር፤ ሌላ የለም አልሁት።

አንዲት በእኔ ዕድሜ ያለች ጠባቂ አጠገባችን ቆማለች። አባቴ ሞተሯን ቶሎ ቶሎ ያስነሱላት እንደሆነ ጠየቃት፤ ሳይነሳ ከከረመ እንደሚነክስ፣ ተጣብቆ እንደሚቀር ነገራት።

«ሞተር የላትም እኮ፣ አባ» አለችው። «ወለሉን ዘይት ስላንጠባጠበችበት አወጡት።»

የት እንዳደረጉት ጠየቃት፤ አታውቅም። ክፉ ልጅ አልነበረችም። የነዳት ሰው መሆኑን ስነግራት አፍራ ግራ ቀኝ ተመለከተችና ገመዱን ዝቅ አደረገችለት፤ ማንም ሳያይ ገብተው ይንኳት አለችው። አባቴ እጁን ከኪሱ አላወጣም። «አታስቸግሪ፣ ልጄ» ብሏት ወጣ። መንገድ ላይ ስለ ዓይኑ ብቻ ነው ያወራነው።

ቆቦ ስንገባ ሰፈሩ ቤታችን ተሰበሰበ። ስለ ዓይኑ የጠየቀው ጥቂት ነው። ዱበርቲዋ ከሁሉም ቀድመው እንዴት እንደሆነች ጠየቁት።

«ደኅና ናት» አለ።

«ያ ሞተሯስ፣ ይነሳል?»

«በአንድ ጊዜ ነው የሚነሳ። እኔ እንዳደረግሁት ነው ያለ።»

ቤቱ አልሐምዱሊላህ አለ። እናቴ እኔን አየችኝ፤ እኔ ዕቃ ለማንሳት ጎንበስ አልሁ። ማሽላ ጭኖ የነበረው ሰውዬ፣ እንግዲያውስ ከመኸሩ በኋላ ተሰባስበን ሄደን እንያት የሚል ሐሳብ አመጣ። ብዙ ሰው ተስማማ። አባቴ መንገዱ ሩቅ ነው አላቸው። ይዘጋል፣ ይበላሻል፣ ከተማው ሰው ይውጣል፣ ምን ያደክማችኋል አላቸው።

እስካሁን አንድ ሰው እሄዳለሁ ባለ ቁጥር አባቴ መንገዱን ያከብድበታል። ዕድሜውን ሙሉ ሰው አሳፍሮ ሲያደርስ የኖረ ሰው፣ አሁን ሥራው ሰው ማስቀረት ሆኗል።