ካሜራው ያላየን ሴቶች

የልጅ ልጄ ከአንድ ጓደኛዋ ጋር ሰንጋ ተራ ቢሮ ስትከራይ ምን እንደምትሸጥ ለመረዳት ብዙ ወር ፈጅቶብኛል። ካሜራ ነው እንዳልል ካሜራ አይሸጡም። ካሜራ ውስጥ ገብቶ ሰውን ከመኪና የሚለይ ፕሮሰሰር አለ፤ እሱንም አይሠሩትም። ንድፉን ብቻ ነው የሚያወጡት፤ ፋብሪካ ያለው የመጠቀም ፈቃድ ገዝቶ ይሠራበታል። እኔም ድሮ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ቀሚስ ስጠልፍ የአንገት ንድፍ በወረቀት እስል ነበር፤ ሌሎች ከፍለው ይጠልፉበታል፣ ንድፉ ግን የእኔ ነው። እንደዚያ ነው ወይ ብላት፣ "በቃ እማማ፣ ለደንበኛ አንቺ አስረጂልን" ብላ ሳቀች።

ደንበኛ ግን አልነበረም። በመጨረሻ ከውጭ አገር አንድ የካሜራ ፋብሪካ ሰው አይቶ ሊፈርም ነው ተባለ። እሱ ካልፈረመ ቢሮው በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ ይህን አልደበቀችኝም።

ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ምሳ ይዤላቸው ሄድኩ። በእግሬ ነው፤ ከልደታ ኮንዶሚኒየም ሩቅ አይደለም፣ መንገድ ላይም የማየው አላጣም። ስደርስ ጓደኛዋ ላፕቶፑን አዞረልኝ።

"ይቀመጡ እማማ፣ ሰፈርዎን ላሳይዎት።"

እኛ በረንዳ ላይ ለሙከራ የተከሏት ካሜራ የቀረጸችው ነው። ያን ሰሞን ጎረቤታችን አርፋ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ነበር። ሰው ባለፈ ቁጥር ፊቱ ላይ አረንጓዴ ሣጥን ይሰመራል። ወንዶቹ ላይ አለ፣ ዘበኛው ላይ አለ። ውሻ ሲያልፍ የለም፤ ጎሽ አልኩ።

"እኔስ የታለሁ?"

"ያውና፣ በርሜሉ አጠገብ።"

"ታዲያ ሣጥኔስ?"

ቪዲዮውን አቆመው። ነጠላችንን ለለቅሶ ጥለቱን ወደ ላይ አዙረን፣ አፋችንን ሸፍነን የተቀመጥን ሴቶች አንዳችንም ላይ ሣጥን የለም።

"ስታስተምሩት ማንን አሳያችሁት?"

"የቢሮ ሰው፣ የታክሲ ሰልፍ..." አለ። "ለቅሶ ቤት ካሜራ ይዞ ማን ይገባል እማማ?"

እውነቱን ነው፣ ነውር ነው።

"ነገ የታክሲውን ቪዲዮ እናሳየው፤ ከፈረመ በኋላ እናስተካክለዋለን" አላት ጓደኛዋ።

"ፕሮሰሰሩ እኮ አያቴን ሰው አይደለችም እያለ ነው" አለች የልጅ ልጄ። ቀና ብላ አየችኝ።

"እኔን አትዪኝ፤ የምትፈርሚው አንቺ ነሽ" አልኳት።

በማግስቱ ለሰውየው መጀመሪያ ያሳየችው የድንኳኑን ቪዲዮ ነው። እሱም ብዕሩን ኪሱ ከተተ፤ ካሜራው ሴቶቹን ሲያይ ጥሩኝ ብሎ ሄደ። ጓደኛዋ ሁለት ቀን አኮረፋት። በወሩ መጨረሻ ዕቃቸውን ጭነው እኛ ቤት ገቡ።

አሁን ደግሞ ለማስተማሪያ ነጠላ አዙሮ የሚቀረጽ ሰው ጠፋ። የታችኛዋ ጎረቤቴን ብለምናት፣ "ምን ታሟርቺብኛለሽ ሴትዮ! ልጆቼ በሕይወት እያሉ ጥለት ላዙር?" ብላ ጮኸችብኝ። አልፈረድኩባትም። እኔ ባሌንም ወንድሞቼንም ቀብሬያለሁ፤ የምፈራው የለኝም። በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ቀኝ ዙሪ፣ ጎንበስ በይ፣ አፍሽን ግለጪ፣ ሸፍኚ ትለኛለች የልጅ ልጄ። የሚያልፈው ሁሉ ከታች "ማን ሞተ?" ይላል፤ "ማንም፣ ሥራ ላይ ነኝ" እላለሁ። ቀስ በቀስ ሌሎች ባልቴቶችም መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

ሣጥኑ ሁላችንም ላይ ሲያርፍ ክረምቱ ገብቶ ነበር። ሰውየው ተመልሶ መጣና እኛ ሳሎን፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ፈረመ።