ሾፌር ያልነበረበት መኪና

ከአዲስ አበባ የወጣን ማታ አባዬ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳፋሪ ሆነ። የአሰብን መንገድ ዕድሜ ልኩን በተሳቢ ሲመላለስ የኖረ ሰው፣ በሰው መኪና ጋቢና ውስጥ ከእማዬና ከእኔ ጋር ተጣቦ ወደ ሞያሌ! የራሱን መኪና ጦርነቱ ወስዶበታል፤ እንደ ወጣ ቀረ። በየኩርባው ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ሾፌሩ አይቶት ኖሮ፣ "ጋሼ፣ ወለሉን ሊበሱት ነው እኮ!" አለው። እማዬ ሳቀች። አባዬ አልሳቀም።

ናይሮቢን ልዝለለው፤ መጠበቅ ብቻ ነበር። ካናዳ፣ ካልጋሪ የገባነው በጥር ነው። የተቀበለን ብርድ፣ ብርድ አይባልም፤ ጥፊ ነው። በሳምንቱ ደግሞ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ንፋስ መጣና በረዶውን ልሶ ጨረሰው። አባዬ ፓይንሪጅ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጃፍ ሸሚዙን ከፍቶ ቆመና፣ "ሚሌ! ልክ የሚሌ በረሃ ንፋስ!" አለ። በማግስቱ ተመልሶ ብርድ። ይሄ አገር እንዲህ ነው፣ ያሞቅና ይከዳል። እማዬ ቁሌት ስታቁላላ አከራያችን በሩን አንኳኩቶ፣ "የሚቃጠል ነገር አለ?" አለኝ። "ራታችን ነው" ስለው፣ "በጣም አዝናለሁ" ብሎኝ ሄደ።

አባዬ ሁለት ዓመት ሆቴል ውስጥ ሰሃን አጠበ። ሰሃን ማጠብ ነውር ሆኖ አይደለም። ግን ሰውየው አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ከሾፌሩ አጠገብ ካልሆነ አይቀመጥም፤ ዓይኑ መሪው ላይ ነው። እንደ ምንም ብሎ ክላስ ዋን የሚሉትን የከባድ መኪና ላይሰንስ ሲያወጣ አንድ የጭነት ድርጅት ጠራው። ሥራው ከሆስፒታልና ከላቦራቶሪ የሚወጣ የኑክሌር ቆሻሻ በብረት ሳጥን ታሽጎ ሲጫን ወደ ኦንታሪዮ ማድረስ ነው። ከመፈረሙ በፊት ኦሪየንቴሽን አለ ተባለ። እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ሄድኩ፤ ሹሩባዬን ተሠርቼ፣ ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ የምበልጥ መስሎኝ!

የሴፍቲ ኃላፊ ነኝ ያለው ሰውዬ መብራት አጥፍቶ ፊልም ከፈተ። ሳጥኑ በክሬን ተሰቅሎ ኮንክሪት ላይ ተለቀቀ። የብረት ሹል ላይ ተጣለ። ነዳጅ ነድዶበት እሳት ውስጥ ተጠበሰ። ከዚያ መኪና ላይ ጫኑትና መኪናው እየበረረ መጥቶ ከግድግዳ ጋር ተላተመ። ጋቢናው እንደ ወረቀት ተጨማደደ፤ መሪው የት እንደገባ እንኳ አይታይም።

"ሳጥኑን እዩልኝ!" አለ ሰውዬው። "ጠብ ያለ ነገር የለም!"

ሰው አጨበጨበ። አባዬ ግን ተነሳ። ኮፍያውን አወለቀ። ሄዶ የሰውዬውን እጅ በሁለት እጁ ያዘና፣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለው። ወደ እኔ ዞሮ፣ "ንገሪው። ልጆች ነበሩት ወይ በይልኝ" አለ።

ነገርኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኋላ የተቀመጡት ሾፌሮች ጠረጴዛ ይደበድባሉ።

"ኖ፣ ኖ" አለ ሰውዬው እንባውን እየጠረገ፣ "ሾፌር አልነበረም። በሮኬት ነው የገፉት።"

አባዬ ሳቃቸውን እስኪጨርሱ ጠበቃቸው። "ሾፌር ቢኖርስ ኖሮ?"

ሰውዬው ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰና እንደገና ሳጥኑን አሳየን። "አልተሰነጠቀም።"

"የጠየቀህ ስለ ሾፌሩ ነው" አልኩት፣ ማንም ተርጉሚ ሳይለኝ።

"ሀኒ፣ ያ ሌላ ዲፓርትመንት ነው።"

"የት ነው ዲፓርትመንቱ?"

"እዚህ አይደለም።"

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ሳጥኑ ቢፈስ ስንት ሰው እንደሚጎዳ ይገባኛል፤ ይጠንክር፣ ማን ጠላ! ግን ያን ሁሉ ክሬን፣ ያን ሁሉ ነዳጅ፣ ሮኬት ሳይቀር ያመጡ ሰዎች፣ ወንበሩ ላይ አንድ አሻንጉሊት ማስቀመጥ አቃታቸው? ለቆሻሻው ይህን ያህል ሲጨነቁ፣ ቆሻሻውን ይዞ የሚሄደው ሰው ትዝ ያለው አንድ ሰው ይጥፋ? እሱም በስህተት ለቅሶ የደረሰው አባቴ ብቻ ይሁን?

አባዬ ፈረመ።

አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ "ለምን?" ብዬ ጮኽኩበት። "አይተኸው! በዓይንህ አይተኸው!"

"ልጄ፣ አሰብ መንገድ ላይ እኮ ሳጥኑንም የሚፈትን አልነበረም" አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው። ይሄ ነው ከሁሉ ያንገበገበኝ። እሱ ያየው መሻሻልን ነው።

እሁድ ኮምቦልቻ ደወልን። ስልኩን ያነሱት የአባዬ ታላቅ እህት እትዬ ዘነበች ናቸው።

"ሂሩቴ! መሪ ጨበጠ የሚባለው እውነት ነው?"

"ጨበጠ፣ እትዬ።"

እልልታቸውን ለቀቁት። አባዬ ድርጅቱ የሰጠውን ጃኬት ለብሶ አጠገቤ ቆሟል፤ እቤት ውስጥ፣ በእሁድ! እንዲህ ያለ ፊት ከአገር ከወጣን አላየሁበትም።

"ለመሆኑ መኪናው ጠንካራ ነው?"

"የኋላው በጣም ጠንካራ ነው፣ እትዬ። በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ተመስገን" አሉ። እትዬ ዘነበች የሾፌር እህት ብቻ አይደሉም፤ የሾፌር ሚስትም ነበሩ።

"የፊቱስ?" አሉኝ።

ስልኩን ለአባዬ ሰጠሁት።