ለሁለት የተከፈለው ሲምፎኒ

የጉሎ ዘይት ሽታ ነው ወደ ልጅነቴ የመለሰኝ። ወንድሜ ኪዳነ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ዕቃ እንደ ጨቅላ ሕፃን ጭኑ ላይ አቅፎ መጥቶ፣ አስመራ፣ ጥራቮሎ ሰፈር በሚገኘው ቤቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሲፈታው ያ ሽታ ወጥቶ ቤቱን ሞላው። እንዲህ ያለ የሙዚቃ ሸክላ ሲያረጅ ጥቁሩ ልባሱ የጉሎ ዘይት እንደሚያልበው ያወቅሁት አሁን በስተርጅና ነው፤ ልጅ ሳለሁ የአባቴ ሽታ ይመስለኝ ነበር።

አባታችን፣ እኛ «አቦይ» የምንለው፣ ቀን በአዝራር ፋብሪካ እየሠራ ማታ በከተማው ኦርኬስትራ ውስጥ ከበሮ ይመታ ነበር። ከበሮ ስል የቤተ ክርስቲያኑ እንዳይመስላችሁ፤ ይህኛው እንደ ትልቅ የመዳብ ድስት ሆኖ ቆዳ የተወጠረበት፣ ጥንድ ጥንድ እየሆነ የሚቆም ነው። የእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን ነበርና፣ ቫዮሊኑን ጣልያኖቹ፣ ጥሩምባውንና ከበሮውን የኛ ሰዎች ይዘው አንድ ትልቅ ሲምፎኒ ተጫወቱ፤ መሪያቸው ጣልያናዊው ማኤስትሮም በሸክላ መቅረጫ ማሽን ቀርጾ፣ ኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ አራቱን ሸክላዎች ለአቦይ ትቶለት ሄደ። ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም።

በክረምት ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድበው ግራሞፎኑ ቢከፈትም ስለማይሰማ፣ አቦይ በጣቶቹ ጠረጴዛውን እየመታ ሲምፎኒውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይወጣልን ነበር። ብዙውን ጊዜ ግን ጣቶቹን አንሥቶ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር። «ለምን ዝም አልክ?» ስንለው፣ «እየቆጠርኩ ነው፤ ሥራዬ መቁጠር ነው፤ መምታትማ ማንም ይመታል» ይለን ነበር። በአራተኛው ሸክላ መጨረሻ ላይ ሌላው ሁሉ ጸጥ ይልና ከበሮው ብቻውን ከሩቅ እንደሚመጣ ነጎድጓድ እያደገ ይመጣል፤ አቦይ እዚያ ሲደርስ እናታችን አደይ እንኳ ከሥራዋ ቀና ትል ነበር።

አደይ ፍርድ የምታውቅ ሴት ነበረች። በቤታችን የቆረሰ ኋላ ያነሣል፤ ሕጉ ይህ ነበር። ኪዳነ ዳቦውን የሚቆርስበት ተራ ሲደርሰው፣ ያነሰው ለእርሱ እንዳይቀር ብሎ ዓይኑን አጥብቦ ሲያስተካክል ይቆይ ነበር፤ እኔ ደግሞ አላምነውም፣ ሁለቱን ቁራሽ በሁለት እጄ መዝኜ ነበር የማነሣው። አቦይ ባረፈበት መስከረም ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ፣ ግራሞፎኑን ለራሷ አስቀርታ በአራቱ ሸክላዎች ላይ ዕጣ ጣለችብን። አንደኛውና ሦስተኛው ለእኔ፣ ሁለተኛውና አራተኛው ለኪዳነ ወጣ። የአቦይ ከበሮ የእርሱ ሆነ። ምርር ብዬ አለቀስኩ፤ ዕጣው ግን በፊቴ የተጣለ እውነተኛ ዕጣ ስለነበረ አልተከራከርኩም።

ከዚያ በኋላ ሲምፎኒውን ሙሉውን መስማት የምንችለው ስንስማማ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት በለስ ሲገባ ኪዳነ ድርሻዬን በላብኝና ተኳረፍን። እኔ አንደኛውን አስጀምሬ ከዚያ ዘልዬ ወደ ሦስተኛው ስሄድ፣ እርሱ ከበሩ ላይ ሆኖ ይስቅብኝ ነበር።

«አንቺ መነሻ አለሽ እንጂ መድረሻ የለሽም!»

«ያንተስ? ከሰማይ ዱብ ያለ ከበሮ!»

አደይ አታስታርቀንም ነበር። «ከተኳረፋችሁ ጎደሎውን ስሙ» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለስ ነበር። ከበሮው ስለሚናፍቀኝ ቀድማ የምትታረቀው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ፤ ስንታረቅም ያቺን የከበሮ ቦታ፣ መርፌውን እያነሣን ደግመን ደጋግመን እናስኬዳት ነበር።

ኪዳነ አድጎ አዲስ አበባ ሥራ ሲያገኝ፣ «ሁሉንም አንቺ ውሰጂ» አለኝ። «ዕጣ አይገለበጥም፤ የኔን ብትወስድብኝ የምጮህ ሴት ያንተን ለምን እወስዳለሁ?» ብዬ የእርሱን ሁለቱን አስይዤ ሸኘሁት። እልኸኛ ናት ብሎ አውርቷል፤ ያውራ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱም ተዘጋ፤ እኔ መድረሻ በሌለው ሙዚቃዬ ልጆቼን አሳደግኩ።

ነፃነት መጥቶ መንገዱ ሲከፈት፣ ለተብርሃን የምትባል ሴት በሬን አንኳኳች። ተጋዳሊት፣ የነፃነት ታጋይ ነበረች፤ በሳሕል በረሃ፣ የታጋዮቹ ሬዲዮ በተደበቀበት ጉድጓድ ውስጥ የተበጠሰ ቴፕ ስትቀጥል ነው የኖረችው። አሁን ደግሞ የከተማችንን የድሮ ሸክላ እየሰበሰበች፣ እየጠገነች፣ በካሴት ታሳትማለች። የኔን ሁለቱን አዳምጣ ራሷን ነቀነቀች። «አደይ አዜብ፣ ይህ ድንቅ ነው፤ ግማሽ ሲምፎኒ ግን አላሳትምም» አለችኝ፤ በኛ አገር ትልቅ ሴት ሁሉ አደይ ትባላለች። ለኪዳነ የላክሁበት ለዚህ ነው።

አራተኛውን ከመብራት ሥር ይዛ አየችው። ዳሩ እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፣ መጨረሻው ላይ መርፌ የሚሄድባት ቦይ ተልጣ ነጥታለች።

«ይህችን ቦታ ማን ነው እንዲህ የበላት?»

ከኪዳነ ጋር ተያየን። «ፍቅር ነው» አለ።

«ፍቅር አይደለም፣ የብረት መርፌ ነው» አለችው ሳትስቅ። «ከበሮው መውጣቱን እንጃ። እሞክራለሁ።»

አራተኛ ክፍል ብቻ የደረስኩ ሴት ነኝ፤ በዕድሜዬ ግን እንደዚያ የሚሠራ እጅ አላየሁም። ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ በስስ ጨርቅ አድርጋ ነጩን ላብ ጠረገች። የድሮው መርፌ ወፍራም ስለነበረ የበላው የቦይዋን አፍ ነው፣ ሥሯ አልተነካም ብላ፣ ቀጭን መርፌ መርጣ ማንም ያልደረሰበት ጥልቀት አወረደችው። ድምፁን ወደ ቴፕ ገልብጣ፣ ምስር እንደምትለቅም ሴት ጠቅ ጠቅ የሚለውን እየፈለገች በምላጭ ቆርጣ አወጣች። የአንዱ ሸክላ መጨረሻና የሌላው መጀመሪያ አልገጥም ሲል፣ የአንዱ ቃና ወርዶ የሌላው ወጥቶ ሲገኝ፣ ፍጥነቱን እያስተካከለች ስፌቱ እስኪጠፋ አጋጠመችው። ኪዳነ ሹሹታውንም አጥፊው ቢላት፣ «ቆሻሻውን እለቅማለሁ እንጂ ከሹሹታው ጋር ተጫዋቾቹን አልለቅምም» አለችው።

ጨርሳ የጠራችን ቀን ጎን ለጎን ተቀመጥን። አንደኛው አልቆ ሁለተኛው ሳይቋረጥ ቀጠለ፤ ስንት ዓመት ጎድሎ የሰማሁት ሞላ። አራተኛው መጨረሻ ላይ ሲደርስ ሁሉም ጸጥ አለ። ኪዳነ ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ መምታት ጀመረ። ቀድሞ ነበር የገባው። እጁን በመዳፌ መታሁት።

«ቁጠር!»

ሁለታችንም ከንፈራችንን እያንቀሳቀስን ቆጠርን። ከበሮው መጣ። ተልጦ፣ ተቧጭሮ፣ ግን አቦይ ነበር፤ ልክ በሰዓቱ ገባ።

«የቐንየለይ፣ ጓለይ» አልኳት ለለተብርሃን፤ አመሰግናለሁ ልጄ ማለቴ ነው።

ካሴቱ ሲታተም ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ሰጠችን። ሳላስበው ሁለቱን በሁለት እጄ ይዤ መዘንኩ፤ ኪዳነ «አሁንም?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። በልጅነታችን እኩል ማለት መቁረስ ነበር፤ ዛሬ ለእርሱም ሙሉ ለእኔም ሙሉ ደረሰን፣ አደይ እንዲህ ያለ ክፍፍል ሳታይ አረፈች። ሁለተኛውንና አራተኛውን ሸክላ ግን በፎጣው ጠቅልዬ መልሼ አስያዝኩት፤ ዕጣ ዕጣ ነው።

ያን ጊዜ ሙሉውን ለመስማት መታረቅ ነበረብን፤ አሁን እርሱ በአዲስ አበባ፣ እኔ በአስመራ፣ ማንንም ሳንለምን እንሰማለን። ከበሮው ሊገባ ሁሉም ጸጥ ሲል ብቻ፣ እጄ በጠረጴዛው ላይ ሄዶ የሚመታውን የኪዳነን እጅ ይፈልጋል።